ፊትሽን የከበበው ሰማያዊ ዶቃ

አሪያትዬ፣ የአቻላ እናት፣

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ከዚያ ወዲህ ባሮ ሁለት ጊዜ ሞልቷል፤ ዘንድሮማ እስከ ማንጎዎቹ ሥር መጥቶ ነው የተመለሰው። ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ደብረ ማርቆስ ላሉት ዘመዶቼ እንኳ የምትጽፊው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ከግርጌ ስሜን ብቻ እጨምር ነበር። እናቴ ፖስታውን ገና ስታየው «የምራቴ ጽሑፍ ነው» ብላ ለጎረቤት ታስነብብ ነበር።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ ነው። አንቺ ካለሽበት ወሬ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ የሚደርስ ከሆነ ግን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። መጥፎ ነገር ይዤ ስመጣ መጀመሪያ ዙሪያውን እንደምዞር ራስሽ ትስቂብኝ ነበር። ልማዴን አልተውኩምና እስቲ የቤቱን ወሬ ላስቀድም።

አቻላ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ እያሉ ነው፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ። ክልሉ ራሱን ከቻለ ወዲህ የአንደኛ ክፍል ትምህርት በቋንቋችሁ ሆኗል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ትቀመጥና በአኙዋክኛ ታነብልኛለች። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ አፌን ከፍቼ እሰማታለሁ። ተከትያት ልል ስሞክርና ስሳሳት ታርመኛለች፤ አስተራረሟ ያንቺው ነው፤ መጀመሪያ ዝም ትልና ከዚያ ሳትቸኩል ትደግመዋለች። ከባልደረቦቼ ግማሾቹ የአዲሶቹ ቢሮዎች ኃላፊ ሆነው ሄደዋል፤ በየሳምንቱ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል። እኔ ከጠመኔዬ ጋር ቀርቻለሁ። ከአልጋው በላይ ያፈስ የነበረውን ጣሪያ አስጠግኜው ነበር፤ አሁን በሩ ላይ ያፈሳል። አጎበሩን ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዘረጋለሁ። አንቺ ስትለምኚኝ «ያፍነኛል» እያልኩ እገፍፈው የነበረውን አጎበር፣ ዛሬ ጫፉን ከፍራሹ ሥር እየወተፍኩ ሁለት ጊዜ እዞረዋለሁ። ወባ አንቺን በአንድ ሳምንት ከወሰደብኝ በኋላ የመጣ ጥንቃቄ ነው። አቻላ ውስጡ ሆና ታየኛለች፤ ለምን እንደምዞር አትጠይቀኝም።

እንግዲህ ወደ አልበሙ ልምጣ።

ሰፈራችን ኒውላንድ ውስጥ የሚዳሩ ልጆች ሁሉ አልበማቸውን ይዘው አንቺ ዘንድ ይመጡ እንደነበር ማን ይረሳል። ደረቅ ካርቶን ይዘው ይመጣሉ፤ የሙሽራ ነገር ይዘው ይሄዳሉ። ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጥሽውን ስፖንጅ ከሥር ታነጥፊያለሽ፣ ሳቲኑን ከላይ ወጥረሽ ትሰፊያለሽ፣ ዳር ዳሩን ዳንቴል ታዞሪያለሽ፣ ከሪባን አበባ ትጠቀልያለሽ። መርፌሽ ሁልጊዜ ሹሩባሽ ላይ ተሰክታ ነው የምትገኘው። አንድ ቀን ከነመርፌሽ ሥራ ሄደሽ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት በሽተኛ መርፌዋን አይታ በእሷ የምትወጊያት መስሏት ከወረፋ አምልጣ እንደሄደች ስትነግሪኝ አብረን ስንስቅ የሻይ ብርጭቆ ሰበርን። ጋሽ ኑሩ ከጨርቅ ሱቃቸው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ለአንቺ ነበር የሚያጠራቅሙት። የእኛ ፎቶዎች ግን በፖስታ ውስጥ ነበሩ። የሰው አልበም አሳምረሽ ስትሰጪ የራሳችን ተራ አልደርስ ብሎ ቀረ።

በኋላ ጀመርሽው። የጀመርሽው ደግሞ ከጀርባው ነው፤ እሱም በእኔ ሸሚዝ። ያችን ካኪ ሸሚዜን፣ ኪሷ ላይ የብዕር ቀለም የፈሰሰባትን፣ ሳትጠይቂኝ ቀደሽ የጀርባውን ሽፋን ለበጥሽባት። ከትምህርት ቤት ስመጣ እጅጌዋ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁትና ተቆጣሁ። አንቺ ቀና ብለሽ አይተሽኝ ከሥር ሆነህ የምትሸከመኝ አንተ ነህ፣ ፊቱ የእኔ ቀሚስ ይሆናል አልሽኝ። ቁጣዬ ወዴት እንደገባ አላውቅም፤ ግን ከኩራት ብዛት እስከ እራት ድረስ አኩርፌ ቆየሁ። ያችን ማታ ዛሬ ብትሰጪኝ ሳላኮርፍ አሳልፋት ነበር። የፊቱን ሽፋን ከሰማያዊ ቀሚስሽ ቆርጠሽ ከስፖንጁ ጋር አያያዝሽውና ጌጡ ሲቀር ታመምሽ። አልበሙ ከነቁርጥራጩ የቆርቆሮ ሳጥንሽ ውስጥ ገባ፤ ሳጥኑን ዓመት ሊሞላሽ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ሳልከፍተው ኖርኩ።

ያስከፈተኝ ክረምቱ ነው። ፖስታ ውስጥ የነበሩት ፎቶዎች ባለፈው ዝናብ ረጥበው እርስ በርስ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ቀስ ብዬ ላላቅቅ ስሞክር ያንዱ ቀለም በሌላው ላይ ተላጠ። አቻላን አዝለሽ የባሮ ድልድይ ላይ የተነሳሽው ሄደ። በዚያው ሰሞን ደግሞ አቻላ ከጎረቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቀን መቁጠሪያ አየች፤ እንዳንቺ ነርስ የሆነች ሴት ያለችበት። እናቴ እንደዚህች ነበረች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያቺ ሴትዮ አንቺን በምንም አትመስልም። ልጅቷ እየረሳችሽ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አንድ ደህና ፎቶ ብቻ ነበር። መቼም ታውቂዋለሽ፤ ሥራ የጀመርሽ ሰሞን ፎቶ ቤት የተነሳሽው፣ ከኋላሽ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ያለበት። ፎቶ አንሺው ሊያነሳሽ ሲል መጋረጃው በአንድ ጎኑ ወድቆ አንቺ ልትስቂ ስትይ ነው የያዘሽ። ቀጥ ብለሽ ታያለሽ፤ ሳቁ ገና አልወጣም፤ ጉንጭሽ ላይ ደርሷል። በሌሎቹ ፎቶዎች ወይ ዓይንሽ ተጨፍኗል፣ ወይ ከሰው ኋላ ቆመሻል፣ ወይ እንደ ሙሽራ ወግ አቀርቅረሻል። ያኔ ያነሳሽ ፎቶ አንሺ ከተማውን ለቆ ሲሄድ ነጋቲቩን ይዞት ሄደ። ስለዚህ ያንን ፎቶ የአልበሙ ሽፋን ላይ ላደርገው ወሰንኩ። አቻላ አልበሙን ባነሳች ቁጥር መጀመሪያ አንቺን እንድታይ አሰብኩ፤ ለሙት ዓመትሽም ይደርሳል አልኩ።

ሽፋኑ ላይ ለፎቶው ሞላላ መስኮት መክፈት ነበረብኝ። ሁለት ምስማር መትቼ፣ ክር አዙሬ፣ በእርሳስ እየወጠርኩ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው አድርጌ ሣልኩት። ልክነቱ ተማሪዎቼን ያስቀና ነበር። መርፌው ላይ ስደርስ ግን ሂሳብ አላገዘኝም። አንዷን ጎን ስሰፋ ሌላዋ ትጨማደዳለች፤ ክሩ ይቋጠራል፤ ጣቴን ስወጋ ደሙ ቀሚስሽን እንዳይነካ ዘልዬ እነሳለሁ። ጋሽ ኑሩ ዘንድ ወስጄ በመኪና ይስፉልኝ ብላቸው ካርቶን መርፌያቸውን እንደሚሰብር ነገሩኝ። ስፌቴንም አገላብጠው አይተው፣ መምህር ይሄ ቁስል መስፋት ነው እንጂ ጨርቅ መስፋት አይደለም ብለው ዳንቴሉን ብቻ በእጃቸው አያያዙልኝ። የቀረውን ራሴ ልጨርሰው አልኩ። ግትርነቴ አልለቀቀኝም።

ለፎቶው ዙሪያ ጌጥ ስፈልግ ነው ሳጥንሽን እስከ ታች የበረበርኩት። ቁልፎች ነበሩ፣ ብልጭልጭ ነበር፣ በጠርሙስ ውስጥ የፕላስቲክ ዶቃ ነበር። ከሁሉም ሥር በአሮጌ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ በክር የተሰካ፣ የደበዘዘ፣ አንዱ ከአንዱ በመጠን የማይገጥም። ከቀሚስሽ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ሰማያዊ በሰማያዊ። ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ለአልበሙ ፊት ያዘጋጀሽው ነው አልኩ። ከሁሉም ሥር ደብቀሽ ለእኔ የተውሽልኝ፣ እንደምጨርሰው አውቀሽ ያስቀመጥሽው መሰለኝ። አሪያትዬ፣ ከሞትሽ ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነበር። አለቀስኩ ደግሞ።

ክሩን በመቀስ ቆረጥኩት። ዶቃውን አንድ በአንድ በፎቶሽ ዙሪያ፣ የፎቶው ጫፍ ከዶቃው ሥር እንዲያዝ አድርጌ ሰፋሁት። ስፌቴን ስላላመንኩት ደግሞ አጣበቅኩት። በማስቲሽም አይደለም። የውሃ ሞተር የሚጠግኑት ልጆች ከሁለት ቱቦ ቀላቅለው የሚቀቡት፣ ብረት ከብረት የሚይዝ ሙጫ አለ፤ እሱን ለምኜ አመጣሁ። ለዘላለም እንዲይዝልኝ ብዬ ነው። ሲደርቅ በጥፍሬ ሞከርኩት፤ አልነቃነቅ አለ። እንደዚያን ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

ለሙት ዓመትሽ አልበሙን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። የመጣው ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። የጤና ጣቢያ ጓደኞችሽ እየተቀባበሉ አዩት፤ አንዷ አሪያት ራሷ የሠራችው ነው የሚመስለው አለች። ከአቦቦ አባትሽ መምጣት ስላልቻሉ ታላቋ አክስትሽ መጥተው ነበር። አልበሙን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጠጋ ብለው ዶቃውን በአንድ ጣታቸው ነኩና እጃቸውን ሰበሰቡ። ምግብ ስናቀርብላቸው አልበሉም። ሐዘኑ ተቀስቅሶባቸው ነው አልኩ፤ እንዲያውም የፎቶሽ ኃይል ነው ብዬ በልቤ ራሴን አደነቅኩ። እንዲህ ያለ ሞኝ ነው ያገባሽው።

ወንድምሽ ኡጁሉ የመጣው በወሩ ነው፤ ከአቦቦ በብስክሌት። አቻላን አቀፋት፣ ውሃ ጠጣ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀኝ። ከዚያ ሊያገባ እንደሆነ ነገረኝ፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ሽማግሌ ተቀብለው ቀን ቆርጠዋል፤ እህቴ ዘንድ የተቀመጠውን ልወስድ ነው የመጣሁት አለኝ። ምን እንደተቀመጠ ጠየቅኩት። ስሙን ሲጠራው፣ ዲሙይ ሲል፣ የጥሎሹ ዶቃ ማለት ነው፣ ገና ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ወደ ጠረጴዛው የሄደው። እሱም ዓይኔን ተከትሎ አየ። አክስትሽ ነግረውት ኖሯል፤ አላመነም ነበር። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አልበሙን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ በዚያ በለስላሳ አማርኛው «መምህር፣ ይሄ ለማየት አይደለም» አለኝ።

እኔ ዲሙይን በስም ብቻ ነበር የማውቀው። እኛ ስንጋባ በዶቃ መዳዳር በመንግሥት የተከለከለበት ዘመን ስለነበር አባትሽ ከእኔ አልጠየቁም፤ አይቼውም አላውቅም። የጥሎሽ ዶቃ ሲባል ወርቅ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር በሐሳቤ የሚመጣው። ኡጁሉ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እንዲህ ያለው ዶቃ አሁን የሚሠራው የለም፤ ያለው ያው የድሮው ነው፤ ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ። ያ ዶቃ ታላቅ እህትሽ ስትዳር የመጣ ነው፤ እህት የተዳረችበት ወንድም ያገባበታል፤ ኡጁሉ ያለሱ ሚስት የለውም። አባትሽ የሣር ቤት እሳትም ጎርፍም አያጣውም ብለው ቆርቆሮ ቤት ስላለሽ ላንቺ አደራ ሰጡሽ።

ታዲያ ይሄንን ሁሉ ሲነግረኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። የፈተና ወረቀት ተከምሮብኝ አርማለሁ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ አባትሽ የሰጡሽ ነገር እንዳለ፣ የኡጁሉ እንደሆነ፣ የት እንዳስቀመጥሽው እየነገርሽኝ ነው። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን ሳላነሳ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ሰማህ ወይ አልሽኝ። ሰማሁ አልኩ። ነግረሽኛል፣ አሪያትዬ። አልደበቅሽኝም፤ ለእኔም የተውሽልኝ ምንም መልእክት አልነበረም። ስንት ሰው ነው ሚስቱ የነገረችውን ሳይሰማ፣ ከሞተች በኋላ ያልነገረችውን ሰማሁ የሚል?

ልናላቅቀው ሞከርን። ሙቅ ውሃ አልን፤ ስፖንጁ ጠጣው እንጂ ሙጫው አልተነካም። ላምባ በጥጥ ነክረን አሻሸነው፤ የቀሚስሽ ቀለም ለቀቀና ወደ ፎቶሽ ጠርዝ ሰረገ፤ ደንግጠን ተውነው። ጋሽ ኑሩን ስንጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሙጫውን የሰጡኝ ልጆች ደግሞ እሳት ብቻ ነው የሚለቀው አሉን። በመጨረሻ ምላጭ ያዝኩ። ከታች ያለችዋን አንዷን ፈለፈልኩ። ድምፅ ሳታሰማ ለሁለት ተሰነጠቀች። ኡጁሉ እጄን ያዘው። የተሰበረ ዶቃ ዶቃ አይደለም፤ ይሄን እንኳ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። ምላጩን ከእጄ ወስዶ ወረቀቱ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። 

ኡጁሉ ወደ አቦቦ ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር መከረና በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። የሙሽራዋ አባት ዶቃው ከነሽፋኑ እንዳለ እንዲመጣላቸው ተስማምተዋል። ዶቃው አንዷ ብትጎድልም ዶቃ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ቢሆንም ዶቃ ነው። ግን ዶቃው ከሽፋኑ፣ ፎቶሽም ከዶቃው አይለይም። እኔ ራሴ ነኝ ጫፉን ከሥሩ አስገብቼ ያሰርኩት። ፎቶውን ለመንቀል ዶቃውን መስበር ነው፤ ዶቃውን ለማትረፍ ፎቶውን መስጠት ነው። ፎቶ ቤት ሮጥኩ፤ ፎቶሽን መልሶ በካሜራ እንዲያነሳልኝ። ሰውየው ፊልም ሊያመጣ ጅማ ወጥቶ በሩ ተዘግቷል። ኡጁሉን አንድ ሳምንት ጠብቀኝ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ቀኑ የተቆረጠው ለእሱ ነው፤ እኔ በአንዲት ምላጭ የልጁን ትዳር ልሰብር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሽፋኑን ከአልበሙ የቆረጠው እሱ ነው፤ በቢላዋ፣ በመታጠፊያው በኩል፣ እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀ። አቻላ አጠገቡ ቆማ ታያለች። እናቴን ወዴት ትወስዳታለህ አለችው። በቋንቋችሁ መለሰላት፤ ምን እንዳላት አላወቅኩም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም። አላለቀሰችም። ሽፋኑን በነጠላሽ ጠቅልሎ ብስክሌቱ ላይ አሰረውና ሄደ። እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘሁት። ሲርቅ ብስክሌቱ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ፎቶሽ እንዳይናጥ እኔ ነበርኩ ትከሻዬን የምይዘው።

ኡጁሉ አግብቷል። ሚስቱ ደግ ልጅ ናት ይላሉ። ፎቶ አንሺው ከጅማ ሲመለስ ከነካሜራው አብሮኝ እንዲሄድ ለመንኩት፤ መንገዱ ሳይበላሽ ወደ ሙሽራዋ መንደር ሄድን። የልጅቷ አባት በክብር ተቀበሉን፤ ዓሣ አቀረቡልን። ጉዳዬን ስነግራቸው ግን አዘኑልኝ እንጂ እሺ አላሉኝም። ዲሙይ ተቋጥሮ የተቀመጠ ነው፤ ለማየት አይወጣም፤ የሚወጣው ሰው ሊዳር ሲል ብቻ ነው። ከነነጠላሽ ቋጥረው ጎጆው ውስጥ የሆነ ቦታ አስቀምጠውሻል። ቁጭ ያልኩት ከአንቺ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ እንደነበር ይሰማኛል። ፎቶ አንሺው የጓሮውን በቆሎና የሽማግሌውን ልጆች አንስቶ ተመለስን።

አሁን የቀረን ፊት የሌለው አልበም ነው። ጀርባው የእኔ ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ ቀለም የፈሰሰበት፤ ከሥር የሚሸከም፣ የሚሸከመው ግን የሌለ። የዳኑትን ፎቶዎች ገጾቹ ላይ አሰልፌያቸዋለሁ። አቻላ ታገላብጣቸዋለች፤ ዓይንሽ የተጨፈነበት ላይ ስትደርስ ተኝታለች ትላለች። የተሰበረችውን ዶቃ ሁለት ግማሽ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጌ ሰጥቻታለሁ፤ ማንም ለጥሎሽ አይፈልጋትም፤ የራሷ ናት። አንዳንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ሳቁ የደረሰው በግራ ጉንጭሽ ላይ ነው ወይስ በቀኝ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እንግዲህ እኔም መርሳት ጀመርኩ ማለት ነው።

ኡጁሉ ባለፈው ሲመጣ ዶቃው ከእንግዲህ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲያገባ ዶቃው ወደዚያኛው ሙሽራ ቤት ይሄዳል አለኝ፤ ከዚያም ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ፊትሽ በማያውቁሽ ሰዎች መሐል እየዞረ የሰው ልጅ ሲድር ሊኖር ነው። በየሠርጉ አንድ ጊዜ ይፈታል፣ ታያለሽ፣ ልትስቂ ትያለሽ፣ ተመልሰሽ ትቋጠሪያለሽ። ኡጁሉ ቀጠለና፣ አቻላም የእህቴ ልጅ ናት፣ አንድ ቀን እሷንም የሚጠይቅ ይመጣል፣ ዶቃውም አገር ለአገር ዞሮ ወደ ባለቤቱ ደጅ የሚደርስበት ጊዜ አለ አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።

አሪያትዬ፣ ስለዚህ ቃል የምገባልሽ ይሄንን ነው። ዶቃው የት ቤት እንደገባ እየጠየቅኩ እኖራለሁ፤ አቻላም እንድትጠይቅ በቋንቋችሁ ኡጁሉ ያስተምራታል። ጉንጭሽን እስካውቀው ድረስ ለእሷ እነግራታለሁ፤ ሲጠፋኝ ደግሞ እንደጠፋኝ እነግራታለሁ እንጂ አልፈጥርላትም። ሰው ሲያናግረኝ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን ደግሞ የማላውቀው ጎረምሳ አንቺን በብብቱ ይዞ በሬ ላይ ይቆም ይሆናል፤ እኔም ፊትሽን ለማየት ልጅሽን መስጠት አለብኝ። ያን ቀን ምን እንደምለው አላውቅም። አንቺ ብትኖሪ ትነግሪኝ ነበር፤ አሁን እሰማሽ ነበር።

ባልሽ፣ መምህሩ